ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ለሚጓዙ፦ ስለ እጅ ሻንጣ አዘገጃጀት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ፣ ወይም በቦሌ በኩል ወደ ውጭ አገር የሚበሩ መንገደኞች ስለ እጅ ሻንጣ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው የሚከተሉት ናቸው።

የእጅ ሻንጣ ምን ያህል ክብደትና መጠን ሊኖረው ይችላል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ለሚጓዝ ሰው አንድ የእጅ ሻንጣ ይፈቅዳል፤ ክብደቱ ከ7 ኪሎ ግራም፣ መጠኑም ከ55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። በቢዝነስ ክፍል የሚጓዝ እያንዳንዳቸው 7 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች መያዝ ይችላል። ልኬቱ ጎማውን፣ መያዣውንና የውጭ ኪሱን ጭምር የሚያካትት ስለሆነ፣ ሻንጣው መለካት ያለበት ባዶውን ሳይሆን ሞልቶ ነው። ከቦሌ በኋላ የሚቀጥለው በረራ የሌላ አየር መንገድ ከሆነ፣ ከሁለቱ ደንቦች ጠበቅ ባለው መዘጋጀት ይገባል።

ቤት ውስጥ ሚዛን የሌለው ሰው የሰፈሩን የእህል ወይም የቅመማ ቅመም ነጋዴ ቢጠይቅ ሻንጣውን አስመዝኖ መመለስ ይችላል። ሚዛኑ 6 ኪሎ ላይ ሲደርስ ማቆም የተሻለ ነው፤ ልሸኝ ብሎ የመጣ ዘመድ በመጨረሻው ሰዓት «ይቺንማ ያዝ» ብሎ የሚያስጨምራት ነገር አትጠፋምና።

ባለ ጎማ ሻንጣ ይሻላል ወይስ የጀርባ ቦርሳ?

ለአገር ውስጥ በረራ የጀርባ ቦርሳ ይሻላል። ባለ ጎማ ሻንጣ ባዶውን ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ስለሚመዝን፣ ከተፈቀደው 7 ኪሎ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ዕቃ ሳይገባበት ያልቃል፤ ከለስላሳ ጨርቅ የተሠራ ቦርሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ እምብዛም አይርቅም። ሌላው ምክንያት አውሮፕላኑ ራሱ ነው። በአገር ውስጥ መስመሮች ከሚበሩት አንዱ፣ ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400፣ ከመቀመጫ በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫው ጠባብ ስለሆነ፣ ተጨምቆ የሚገባ ለስላሳ ቦርሳ ሲስማማው ጠርዙ የደረቀ ሻንጣ አይስማማውም።

ወገቡን የሚያመው ወይም በትልልቅ አየር ማረፊያዎች ከአንዱ በር ወደ ሌላው ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ግን ክብደቱን ታግሶ ባለ ጎማውን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

በእጅ ሻንጣ ውስጥ የግድ መግባት ያለበት ምንድን ነው?

መለኪያው አንድ ነው፦ ትልቁ ሻንጣ አንድ ቀን ቢዘገይ ያለ እሱ መዋልና ማደር የማይቻል ነገር ሁሉ በእጅ ይያዛል። ፓስፖርትና ቪዛ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሥራ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናው ቅጂ፣ ገንዘብ፣ ወርቅ፣ መድኃኒት፣ መነጽር፣ ስልክና ቻርጀር፣ እንዲሁም አንድ ቅያሪ የውስጥ ልብስና ካናቴራ ከዚህ ይመደባሉ። በዚህ መለኪያ ያላለፈ ነገር፣ ምንም ያህል የተወደደ ቢሆን፣ ቦታው ትልቁ ሻንጣ ነው።

ከዝርዝሩ እኩል የሚያስፈልገው አደራደሩ ነው። በጉዞው ላይ የሚፈለጉት ነገሮች፣ ማለትም የጆሮ ማዳመጫ፣ ካልሲ፣ የከንፈር ቅባት፣ ከረሜላ፣ እስክሪብቶና የሚነበብ መጽሐፍ፣ በአንዲት ትንሽ ባለ ዚፕ ቦርሳ ተለይተው ከላይ ይቀመጣሉ። መንገደኛው መቀመጫው ጋ ሲደርስ ያችን ብቻ አውጥቶ ከፊቱ ባለው ኪስ ያኖራል፤ የቀረው ከላይ ይወጣል። እንዲህ ያላደረገ ሰው መተላለፊያው ላይ ቆሞ ሻንጣውን ሲበረብር ከኋላው ያለው ሰልፍ ሁሉ ይቆማል፤ በመስኮት በኩል ተቀምጦ ቻርጀሩን የረሳም ሁለት ጎረቤቶቹን ማስነሣቱ ነው። እስክሪብቶ የገባችው በአንዳንድ አገሮች መግቢያ ላይ የሚሞላ ወረቀት ስላለ ነው። የተቀባዩን አድራሻና ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ መያዝም ስልኩ ባትሪ የጨረሰበትን መንገደኛ ከጭንቅ ያወጣዋል።

ምን ለብሼ ልሂድ? ጋቢስ ልያዝ?

ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ በመሆኗ ብዙ መንገደኞች ስስ ልብስ ለብሰው ይነሡና፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ ቀጥሎም በሌሊቱ በረራ ላይ ይበርዳቸዋል። የሚሻለው መደራረብ ነው፤ ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላዩ ሹራብ ወይም ቀለል ያለ ጃኬት፣ በቀላሉ ወልቆ የሚጠለቅ ጫማና ቀበቶ የማይሻ ሱሪ። በአገራችን አየር ማረፊያዎች መንገደኛው ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ከመሳፈሩ በፊት ደግሞ ሌላ ጊዜ ስለሚፈተሽ፣ ማሰሪያው የበዛ ጫማ የለበሰ ሰው ሁለት ጊዜ ሲፈታና ሲያስር ይውላል።

ጋቢን በተመለከተ፣ ለረጅም የሌሊት በረራ ከእሱ የተሻለ መከናነቢያ ማግኘት ያስቸግራል። ይሞቃል፣ አይኮሰኩስም፣ ተጠቅልሎ ትራስ ይሆናል፣ ሕፃን ይታቀፍበታል። ጉዳቱ ክብደቱና ቦታ መያዙ ነው፤ ስለዚህ በሻንጣ ውስጥ ከመጠቅጠቅ እንደ ልብስ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ መሳፈር ይመረጣል። ለአንድ ሰዓት ያህሉ የአዲስ አበባ በረራ ግን ነጠላ ወይም ኩታ ይበቃል።

ከአራት ሰዓት በላይ በሚቆይ በረራ ላይ እግር ያብጣል፤ ያለመንቀሳቀስ ብዛትም በአንዳንድ ሰዎች የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ምክንያት ይሆናል። ላላ ያለ ካልሲ፣ ቁርጭምጭሚትን ማዟዟርና በየጊዜው ተነሥቶ መራመድ ይረዳል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው አጥብቆ የሚይዘውን የሕክምና ካልሲ ሐኪም ጠይቆ ማድረግ ይኖርበታል።

ከዘጌ ወይም ከደሴቶቹ በጀልባ መጥቼ በዚያው ቀን ብበርስ?

ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚያነሣበት የጀልባው ጉዞ በማለዳ ቢሆን ይመረጣል። ሰነዶችንና ኤሌክትሮኒክስን በወፍራም ፌስታል ጠቅልሎ አፉን አጥብቆ ማሰር፣ ሻንጣውንም ከጀልባው ወለል ላይ ሳይሆን ጉልበት ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። የረጠበ ልብስ ከደረቁ ጋር ከተቀላቀለ ሻንጣው እስከ መድረሻው ይሸታል፤ ክብደቱም ይጨምራል።

አውሮፕላን ላይ ጆሮዬን የሚያመኝ ለምንድን ነው? ምንስ ልያዝለት?

አውሮፕላን ከፍ ብሎ በሚበርበት ጊዜ ውስጡ ያለው የአየር ግፊት ምድር ላይ ካለው ጋር እኩል አይደረግም። በብዙዎቹ አውሮፕላኖች የመንገደኞች ክፍል ግፊት ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመጣጠናል። ቦይንግ 787ና ኤርባስ ኤ350 ግን ከ1,800 ሜትር እንዳይበልጥ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ባሕር ዳር ራሷ በ1,800 ሜትር ገደማ፣ የቦሌ አየር ማረፊያ ደግሞ በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ የእኛ አገር ደገኛ በእነዚህ አውሮፕላኖች ውስጥ የሚተነፍሰው አየር በግፊቱ ጣና ዳር ተቀምጦ ከሚተነፍሰው ብዙም አይለይም፤ ከአዲስ አበባ ሲነሣ ጆሮው እምብዛም የማይሰማውም በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚመጣው አውሮፕላኑ ወደ ዱባይ፣ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ሌላ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሲወርድ ነው። ግፊቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይጨምራል፤ ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ አየር ለማስወጣት እንጂ ለማስገባት በቀላሉ የማይከፈት በመሆኑ፣ ታምቡሩ ወደ ውስጥ እየተገፋ ያማል። መዋጥ፣ ማዛጋትና ማኘክ ቱቦውን ይከፍቱታል። ስለዚህ ከረሜላ፣ ማስቲካ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ በትንሿ ቦርሳ ይያዝ፤ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምርም መንቃት ይገባል። ይህ ካልበቃ፣ አፍንጫን ይዞ አፍን ዘግቶ በቀስታ ወደ ውጭ እንደሚተነፍሱ መሞከር ይረዳል። ሕፃን ከሆነ ጡት ወይም ጡጦ ይሰጠዋል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሕመሙ ስለሚብስበት ከመብረሩ በፊት ፋርማሲ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ይኸው ግፊት ዕቃዎችንም ይነካል። ቦሌ ላይ ጠጥተው የዘጉት የሃይላንድ ጠርሙስ ጅዳ ሲደርስ ጎኑ ገብቶ የሚገኘው በዚህ የተነሣ ነው። የሚፈስሰው በመልሱ ጉዞ ነው፤ በባሕር ጠለል አጠገብ የተሞላ ሻምፖ ወይም ቅባት ሲነሣ ስለሚነፋ፣ ክዳኑን ከፍቶ በትንሽ ፌስታል አፉን ሸፍኖ መልሶ መክደን ልብስ ከመበላሸት ያድናል።

የአውሮፕላን ውስጥ አየር እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች በመሆኑ ከንፈርና ዓይን ይደርቃል። የመነጽር ሌንስ በዓይናቸው ውስጥ የሚያደርጉ ሰዎች አውልቀው መነጽር ቢያደርጉ ይቀላቸዋል። ባዶ ኮዳ ይዞ ከመጨረሻው ፍተሻ በኋላ ውኃ መሙላትም ይቻላል።

ማር፣ ቅቤ፣ አዋዜና አረቄ በእጅ ሻንጣ ያልፋሉ?

በዓለም አቀፍ በረራ ፈሳሽና ለስላሳ ነገር ሁሉ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ መያዣ ተደርጎ፣ መያዣዎቹም በአንዲት የአንድ ሊትር ብርሃን አስተላላፊ ባለ ዚፕ ፌስታል ውስጥ መግባት አለባቸው። ይህ ደንብ የመጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 በብሪታንያ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን የማጋየት ሴራ ከተደረሰበት በኋላ ነው። አዳዲስ የፍተሻ መሣሪያ ያስገቡ አንዳንድ አየር ማረፊያዎች ደንቡን አላልተውታል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ካሉት አየር ማረፊያዎች አንዱ ካጠበቀ ያው ስለሆነ፣ በ100 ሚሊ ሊትሩ መሄድ ያዋጣል። የሚታየው የመያዣው መጠን ነው፤ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ማር ቢቀር ጠርሙሱ አያልፍም።

የጎጃም ማር ነጭም ሆነ ቀይ፣ ረግቶ እንደ ድንጋይ ቢጠነክርም፣ ለፈታሾች ፈሳሽ ነው። የተነጠረ ቅቤ፣ አዋዜ፣ ዳጣና የኑግ ዘይትም እንዲሁ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባሕር ዳር ላይ ያለፈለት ማር እስከ መጨረሻው የሚያልፍ እየመሰለው ነው። በአንድ ቲኬት የሚጓዝ ሰው ትልቁን ሻንጣ የሚያስረክበው ባሕር ዳር ስለሆነ፣ ቦሌ ላይ ባለው የዓለም አቀፍ ፍተሻ ማሩ ሲያዝበት መልሶ የሚያስገባበት ሻንጣ በእጁ አይኖርም። ምርጫው ማሩን መተው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እነዚህ ነገሮች ከቤት ሲወጣ ጀምሮ በትልቁ ሻንጣ፣ ክዳናቸው በፕላስቲክ ቴፕ ታሽጎ፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልለው፣ በልብስ መካከል ይቀመጡ።

የቤት አረቄ በትልቁ ሻንጣም ቢሆን ያስቸግራል። የአልኮል መጠኑ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር የሚፈቀደው በፋብሪካ እንደታሸገ ሲሆን ነው፤ ከ70 በመቶ በላይ የሆነ ፈጽሞ አይፈቀድም። በሃይላንድ የተቀዳ ዳግም አረቄ መጠኑ የሚታወቅበት ጽሑፍ ስለሌለው ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

ጠበልና እምነት መያዝ እችላለሁ?

ይቻላል። ጠበል በደንቡ ዓይን ውኃ ነው፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በማትበልጥ ጠርሙስ ከሌሎቹ ፈሳሾች ጋር በባለ ዚፕዋ ፌስታል ይገባል፤ የቀረው በትልቁ ሻንጣ ይሄዳል። «ጠበል ነው» ብሎ ማስረዳት በውጭ አገር ፍተሻ ላይ ለውጥ አያመጣም። እምነት ዱቄት ስለሆነ በትንሽ መጠን ምንም አይልም፤ ሆኖም በወረቀት ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከሚወሸቅ፣ ስሙ በተጻፈበት ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ቢሆን ጥያቄ አያስነሣም።

በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣስ?

ደረቅ ዱቄት በፈሳሽ ደንብ አይያዝም። ይሁን እንጂ ወደ አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች ላይ ከ30 ሰኔ 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 350 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፤ ምንነቱ ሳይረጋገጥ ከቀረም አይሳፈርም። 350 ሚሊ ሊትር ማለት አንድ የለስላሳ ቆርቆሮ ያህል ነው። ስለዚህ የዓመት በርበሬ ቦታው ትልቁ ሻንጣ ነው።

አስተሻሸጉ ላይ ትንሽ መጨነቅ ይገባል። ሽሮ ከወፍጮ እንደመጣ ትኩስ ሆኖ ከታሸገ ያልበዋል፤ ሌሊቱን በሰፌድ ተሰጥቶ ካደረ በኋላ በወፍራም ፌስታል ይሞላል፤ አየሩ በእጅ ተጭኖ ይወጣል፤ አፉ ይታሰራል፤ ከዚያም በሌላ ፌስታል ተገልብጦ ይገባል። ሚጥሚጣ በሦስተኛ ፌስታል ቢደገም አይበዛበትም፤ ፌስታሉ በፍተሻ ቢቀደድ የሚያስነጥሰው ባለቤቱን ብቻ አይደለም።

በበረራው ላይ የምበላው ምን ልያዝ? ጾም ላይ ብሆንስ?

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ደረቅ ብስኩት ሳይፈስሱና ሳይሸቱ የሚበሉ ናቸው። የበሶ ዱቄት በትንሽ ዕቃ ተይዞ በአስተናጋጇ ውኃ መበጥበጥ ይችላል፤ አስቀድሞ የተበጠበጠ በሶ ግን ፈሳሽ ነው። ድርቆሽ ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ይወዱታል፤ ነገር ግን በተጨናነቀ ሻንጣ ውስጥ ደቅቆ ዱቄት ይሆናልና በክዳን ባለው ፕላስቲክ ሣሕን ይያዝ። ወጥ በአውሮፕላን ውስጥ ባይከፈት ይመረጣል፤ ሽታውን ከጎን ያለው ሰው አልመረጠውም።

ጿሚ መንገደኛ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ ቢያንስ ከበረራው 24 ሰዓት አስቀድሞ ማዘዝ አለበት። የሁዳዴ ጾም ላይ ወደ ውጭ የሚበር ሰው ትእዛዙ መመዝገቡን ቼክ ኢን ላይ ጠይቆ ማረጋገጡ፣ ቆሎውንም መያዙ አይከፋም።

ፓወር ባንክ የሚገባው በየትኛው ሻንጣ ነው?

በእጅ ሻንጣ ብቻ። የሊቲየም ባትሪ ከጋለ ወይም ከተጎዳ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ መንገደኞች ባሉበት ክፍል ከጨሰ አስተናጋጆቹ ደርሰው ያጠፉታል፤ ከታች ባለው የጭነት ክፍል ግን የሚያየው የለም። የሚይዘው ኃይል እስከ 100 ዋት ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 በላይ የሆነ አይፈቀድም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በላዩ የተጻፈው ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) በ3.7 ተባዝቶ ለ1,000 ይካፈላል። በገበያችን የተለመደው ባለ 20,000 ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል፤ ባለ 30,000 ግን 111 ስለሚሆን ያለ ፈቃድ አያልፍም።

ጽሑፉ የተፋቀበት ፓወር ባንክ መጠኑ ሊታወቅ ስለማይችል ፍተሻ ላይ ሊወሰድ ይችላል። መጠቀምን በተመለከተም አየር መንገዶች እያጠበቁ ነው፤ ለምሳሌ ኤሚሬትስ ከ1 ጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ አንድ ብቻ ፈቅዶ፣ በበረራ ላይ መጠቀምም ሆነ እሱን ቻርጅ ማድረግ ከልክሏል። ስለዚህ ስልክ ከመሳፈር በፊት ቻርጅ ይደረግ።

መድኃኒቴን እንዴት ልያዝ?

ከነማሸጊያውና ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር፣ ሁልጊዜ በእጅ ሻንጣ፤ መጠኑም ለጉዞው ቀናት ከሚበቃው ጥቂት የሚተርፍ ይሁን። ኢንሱሊን በረዶ ከሠራ ስለሚበላሽ በጭነት ክፍል መሄድ የለበትም። የባሕር ዳር ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም እኩል ይጎዳዋል። ፈሳሽ መድኃኒት ለጉዞው የሚያስፈልግ ከሆነ ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም ይፈቀዳል፤ ለፈታሹ አስቀድሞ ማሳየት ግን ያስፈልጋል።

ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄዱ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ቁጥጥር የሚደረግባቸው ስለሆኑ፣ ያለ ፈቃድና ያለ ማዘዣ መያዝ እስራት ሊያስከትል ይችላል። የቤት ውስጥ የመድኃኒት ከረጢት እንዳለ አንሥቶ ከመክተት በፊት እያንዳንዱን ክኒን ማየት ይገባል።

ከሕፃን ጋር ስጓዝ የፈሳሽ ደንቡ ይሠራል?

ለጉዞው የሚበቃ ወተት፣ የፈላ ውኃና የሕፃን ምግብ ከ100 ሚሊ ሊትሩ ደንብ ነጻ ናቸው፤ ለብቻ ወጥተው ይፈተሻሉ። ዳይፐር ከሚገመተው በላይ፣ ቅያሪ ልብስም ለሕፃኑ ሁለት፣ ለእናቲቱ አንድ ካናቴራ ይያዝ።

ከባሕር ዳር የገዛሁትን ጀበና፣ የደንገል ታንኳ ወይም የብራና ሥዕል በእጅ መያዝ እችላለሁ?

ጀበናና ትንንሾቹ የደንገል ታንኳዎች ቢጫኑ ስለሚሰበሩ በእጅ ቢያዙ ይሻላል። የጀበናው ሆድ በካልሲ ይሞላል፤ አንገቱ በነጠላ ይጠቀለላል፤ ታንኳው ከላይ፣ ምንም ሳይጫነው ይቀመጣል። መቋሚያ በርዝመቱ ምክንያት በእጅ አይያዝም። ዕጣን ችግር የለበትም፤ ከሰል ግን በራሱ ሊቀጣጠል ከሚችል ዕቃ ስለሚመደብ በየትኛውም ሻንጣ መግባት የለበትም።

ብራና፣ መስቀልና ሥዕል ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። በዘጌ መንገድ ዳር የሚሸጠው አዲስ ሥዕል ቅርስ አይደለም፤ ነገር ግን ሠዓሊው ብራናውን በጭስ አጥቁሮ ያረጀ ሲያስመስለው ፈታሹም እንደ ገዢው ሊታለል ይችላል። ከሻጩ ደረሰኝ መቀበል፣ ዕድሜው የሚያጠራጥር ዕቃ ከሆነም ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ማውጣት ያስፈልጋል። በእውነት ያረጀ ብራና የሚያቀርብ ሰው ካጋጠመ ግን አለመግዛት ነው፤ የአንዱ ገዳም ንብረት ሊሆን ይችላል።

ቋንጣና የጣና ዓሣ ወደ አውሮፓ ይገባል?

የአየር መንገዱ ፍተሻ ቢያሳልፈውም የሚደርሱበት አገር ጉምሩክ ላያሳልፈው ይችላል፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ስለሚከለክል ቋንጣ፣ ቅቤና ዓይብ ይወሰዳሉ። ዓሣ ግን እስከ 20 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ትኩስ ከሆነ ሆድ ዕቃው የወጣ መሆን አለበት። ማርም እስከ 2 ኪሎ ይገባል። ስለዚህ በደንብ የደረቀ ቆሮሶ ወይም አምባዛ በትልቁ ሻንጣ ታሽጎ ሲደርስ፣ ያው መንገደኛ የያዘው ቋንጣ በር ላይ ይቀራል።

አውሮፕላኑ በር ላይ «ሻንጣዎ አይገባም፣ ከኋላ ይጫናል» ብባልስ?

በትንንሾቹ አውሮፕላኖች ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ መከራከር ጥቅም የለውም። ሻንጣው ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ፣ ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ መድኃኒትና ላፕቶፕ መውጣት አለባቸው። ቀደም ሲል የተጠቀሰችው ባለ ዚፕ ትንሽ ቦርሳ ጥቅሟ እዚህ ላይ በደንብ ይታያል፤ እነዚህ ነገሮች ከመጀመሪያው በእሷና አጠገቧ ከተደራጁ ለማውጣት ደቂቃ አይፈጅም። በሻንጣው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ቀሪ መቀበል፣ ሻንጣው የሚመለሰው በአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ይሁን ወይም ከትልቁ ጋር በመረከቢያው እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዘመድ ወይም ጎረቤት «ይህችን አድርስልኝ» ብሎ የሰጠኝን አደራ በእጅ ሻንጣዬ ልያዝ?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ በእኛ አገር አደራ እንቢ ማለት እንደ ነውር ስለሚቆጠር። ሕጉ ግን ግልጽ ነው፤ በሻንጣው ውስጥ ለተገኘው ነገር ሁሉ የሚጠየቀው ሻንጣውን የያዘው ሰው ነው። ቼክ ኢን ላይ «ዕቃውን ራስዎ ነዎት ያዘጋጁት? የሌላ ሰው ዕቃ ይዘዋል?» ተብሎ የሚጠየቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የተሰፋ ትራስ፣ የታሸገ ጥቅልና በዱቄት የተሞላ ጣሳ፣ ሰጪው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ተከፍቶ ሳይታይ መግባት የለበትም። ሰጪው ራሱ ከሌላ ሰው ተቀብሎት ይሆናልና። የደረቀ ጫት በብዙ የአውሮፓና የዓረብ አገሮች እንዲሁም በአሜሪካ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ስለሚቆጠር፣ «ሻይ ቅጠል ነው» የተባለ ጥቅል ሁሉ መፈታት አለበት።

የሚሻለው አቀራረብ ቅድመ ሁኔታውን ቀደም ብሎ መናገር ነው፦ «እሜቴ፣ ዕቃው ከበረራው ሁለት ቀን በፊት ይድረሰኝ፤ ከፍቼ አይቼ እኔው ራሴ አሽጋለሁ፤ ከአንድ ኪሎም አይለፍ።» እንዲህ ሲባል በቅንነት ያመጣ ሰው አይቀየምም። አየር ማረፊያው በር ላይ በፌስታል ይዞ የሚጠብቅ ሰው የሚያቀርበውን ግን፣ ሊታይም ሊመዘንም ጊዜ ስለሌለ፣ አለመቀበል ይገባል። የተቀበሉትም ቢሆን በትልቁ ሻንጣ ይግባ፤ የላኪውና የተቀባዩ ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥርም ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጥ።